ከኮቱ ሥር የነበረው ሹራብ

ይድረስ ለደሬ፤

ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ያንተን ጤና ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በየሰዓቱ ስጠይቅህ ስለነበር ጥያቄው አሁን ከአፌ አይወጣም። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይጮኻል።

የምጽፍልህ ለሙከራ ታትመው በተጣሉ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ነው። በሕይወት እያለህ እነዚህን ከፎቶ ቤትህ ቅርጫት እያነሳሁ በምሳ ዕቃው ቦርሳ ስከት አይተህ «ምን ያደርጉልሻል?» ብለኸኝ ነበር። «ለመደርደሪያ ማንጠፊያ» አልኩህ። ውሸቴን ነው። ጀርባቸው ላይ ጽሕፈት እለማመድ ነበር። ከአራተኛ ክፍል የወጣች ትልቅ ሴት ደብተር ገዝታ ስትለማመድ ብታይ ትስቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከቀን መቁጠሪያ ጀርባ ያገኘሁትን ሁሉ እየገለበጥኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። የሳሊተ ምሕረት ቅዳሴ ዛሬም ሳይነጋ በመስኮት ይገባል፤ አንተ ትራስህን ጆሮህ ላይ የምትደፋበት ሰዓት ነው። ውሃው እንደበፊቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ስትገባ ግን ሰፈሩን አታውቀውም። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ ንጣፍ ሆኗል፤ የሱቃችን በረንዳ አብሮ ሄደ። በቀይ ቀለም በራስህ እጅ የጻፍከው ታፔላም ወርዷል። አሁን የሁሉም ሱቅ ታፔላ አንድ መልክ ስለሆነ፣ ወደ እኛ የሚገባው አንብቦ ሳይሆን ለምዶ ነው።

ፎቶ ቤቱን አልዘጋሁትም። ወንድምህ ጋሽ አበራ ከአርባህ ማግስት «ዕቃውን ሽጪና ቤቱን ለአከራዩ መልሺ፤ አንቺ ምን አውቀሽ ትሠሪበታለሽ?» ብሎኝ ነበር። አልፈረድኩበትም። ምን እንደማውቅ አንተም አታውቅም ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳህን ይዤ ስመጣ፣ የያዝከውን ሥራ እስክትጨርስ በሩ አጠገብ ባለው የደንበኛ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ከዚያ ወንበር የኮምፒውተርህ ገጽ በግማሽ ይታያል። ያየሁትን ግማሽ ቤት ገብቼ በወረቀቶቹ ጀርባ እጽፈዋለሁ፤ ያልገባኝን በማግስቱ አጮልቄ አየዋለሁ። እንዲህ ነው የተማርኩት፣ አንተ ሳታስተምረኝ።

አሁን የፓስፖርት ፎቶ ጀርባ ነጭ ማድረግ እችላለሁ። የደበዘዘ የጥንት ፎቶ አድሳለሁ። የሞተ አባት በልጁ ሠርግ ፎቶ ላይ አስገብቼ ከሚዜዎቹ ጎን አቆማለሁ፤ ጥላውንም አልረሳም። «ጥላ ካልሠራሽለት ሰውየው እንደተለጠፈ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል» ስትል ሰምቼሃለሁ። ለእኔ አልነበረም የተናገርከው። ለፍሬ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ መጣሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ቅናት ነው፣ ደሬ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሞተ ሰው ላይ።

ፍሬሕይወትን ወደ ሱቁ ያመጣኋት እኔ ነኝ። የእድራችን ዳኛ የእህት ልጅ ሥራ አጥታ ስታለቅስ አይቼ «አንድ ሰው ያስፈልግሃል፣ ደንበኛ እየተቀበለች ትርዳህ» ያልኩህ እኔው ነኝ። ስድስት ዓመት አለፈው። በገባች በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሌየር ምን እንደሆነ ስታስረዳት ከወንበሬ ሆኜ ሰማሁ። ከተሰበረው የፍሬም መስታወት ሦስት ቁራጭ አመጣህ። አንዱ ላይ በማርከር ፊት ሳልክ፤ ሁለተኛው ላይ ኮት፤ ሦስተኛው ላይ ዛፍ። ደራረብክና ወደ መብራቱ አነሳህላት። «አየሽ? ከፊት ስታይው አንድ ፎቶ ነው። ግን ሦስት ነው። ኮቱን ብታነሺ ፊቱ አይነካም። ፊቱን ብታስተካክይ ዛፉ ወሬ የለውም።» እሷም «ውይ ጋሼ፣ ዛፉ እንዴት የታደለ ነው!» አለችህ። ሳቅክ። መስታወቶቹ እጅህ ውስጥ እስኪንቀጫቀጩ ሳቅክ።

ምሳው ቀዘቀዘ።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «ለእኔም ብታሳየኝ» ብዬህ ነበር፤ ታስታውሳለህ? «ውቤ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያደርግልሻል? ዓይንሽን ታጠፊያለሽ» አልከኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለዓይኔ አዝነህ ነው። ግን የእሷም ዓይን ዓይን ነበር። ለእሷ አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ስትደግምላት ድምፅህ አይለወጥም። ለእኔ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ስታሳየኝ በሁለተኛው ጊዜ ነጥቀህ ራስህ ትነካዋለህ።

ሌላ ሴት ጋር ሄደሃል ብዬ ጠርጥሬህ አላውቅም። እንዲያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር መሰለኝ፤ ቢያንስ ጎረቤት ያዝንልኛል። ባሌ ለሠራተኛው በትዕግሥት አስረዳ ብዬ ለማን አቤት ልበል?

ስትሞት ደግሞ ያ ፎቶ መጣ። ለቅሶ ቤቱ ገና ድንኳን ሲተከል ፍሬ ትልቅ ፍሬም በነጠላ ጠቅልላ አመጣች። ገለጠችው። አንተ ነህ፤ ከሰማያዊ ጀርባ ጋር፣ ጥቁር ኮትና ከረባት ለብሰህ፣ ጥርስህ ሁሉ እስኪታይ እየሳቅክ። ሴቶቹ «ወይኔ ሳቁ! ወይኔ ሳቁ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ያን ሳቅ አላውቀውም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲያ ስትስቅልኝ አላየሁም። አገሩን ሁሉ ስታነሳ ኖረህ አንተን ያነሳህ ሰው የለም እያልኩ አዝን ነበር፤ ለካ አንስታሃለች። «መቼ ነው ያነሳሽው?» አልኳት በለቅሶው መሐል። «እንዲሁ ካሜራ ስንሞክር ነው እትዬ» አለችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ያቺ «እንዲሁ» ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ ከረመች። አብረን እንሠራለን፤ እሷ ያንተን ወንበር በቁመቷ ልክ ከፍ አድርጋ ትቀመጣለች፤ «ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል» ስትል ያንተ አነጋገር ነው። እኔ «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ብቻ እላታለሁ።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ «ፎቶውን እኔ አዘጋጃለሁ» አለችኝ። «አይ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ኮቱን ማውለቅ። አንተ ኮት ለብሰህ አታውቅም። ያ ኮት የሱቁ ኮት ነው። መንጃ ፈቃድና ፓስፖርት ለማውጣት በቲሸርት ለሚመጣ ሁሉ ከአንገቱ በታች የምትለጥፉለት ሌየር ነው፤ ከረባቱም አብሮ የተሰፋ። ፍሬ በዚያ ድንጋጤ ቀን እጇ የለመደውን አድርጋለች። እኔ ግን ከኮቱ ሥር የራስህ ልብስ እንዳለ ገምቼ ነበር፤ ሌየር ማለት ያ ነውና።

ፍሬ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል የምርቃት ግብዣ ልታነሳ በሄደችበት ቅዳሜ ከሰዓት በሩን መለስ አድርጌ ፋይሉን ከፈትኩት። በቀኝ በኩል ሌየሮቹ ተደርድረዋል፤ እንዳስተማርካት ሁሉንም ስም አውጥታላቸዋለች። ከላይ «ኮት»፣ ቀጥሎ «ፊት»፣ ቀጥሎ «ሰማያዊ»፣ ከሁሉ በታች «ዋናው»። የኮቱን የዓይን ምልክት ነካሁት። ኮቱ ጠፋና ጭንቅላትህ ብቻውን ሰማያዊው ላይ ተንሳፈፈ። ደነገጥኩ፤ አማተብኩም። ከዚያ የሰማያዊውን ዓይን ዘጋሁ።

መጣህ። ሙሉ ሰው ሆነህ መጣህ። ያን ቡናማ ሹራብህን፣ ክርኑን የጠገንኩልህን፣ ለብሰሃል። እጅህ ጉልበትህ ላይ ነው፤ አውራ ጣትህ ላይ የቀለም እድፍ አለ። ከኋላህ ሱቃችን አለ፤ መጋረጃው፣ የተሰቀሉት ፍሬሞች፣ ደንበኛ ፀጉሩን የሚያበጥርበት መስታወት። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ እሷ። ካሜራውን ከፊቷ ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ አንገቷን ወደኋላ ጥላ ትስቃለች። ያንተ ዓይንም ካሜራውን አያይም። እሷን ነው የሚያየው።

ሁለታችሁ አብራችሁ ነበር የምትስቁት።

ያኔ ሹራቡን ረሳሁት። የመጣሁበትን ረሳሁት። ሰማያዊውን መልሼ አበራሁ፣ ኮቱንም አበራሁ፤ ሸፈንኳት። ግን ሌየር ተሸፈነ ማለት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሥርህ አለች። በሙት ዓመትህ ቀን፣ በድንኳኑ መሐል፣ ከኮትህና ከሰማያዊው ሥር ሆና እየሳቀች ልትውል ነው። ሌላው ሰው አያያትም፤ እኔ ግን መኖሯን አውቃለሁ። የ«ዋናው»ን ዓይን ዘጋሁና ሁሉንም ሌየር አንድ ላይ የሚያጣብቀውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አልገባኝም ብልህ ውሸት ነው፤ ያን መስኮት ከወንበሬ ሆኜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የተደበቀውን ልጣለው ወይ ነው የሚለው። ጣለው አልኩት። በነበረው ስም ላይ አስቀመጥኩት፤ ዘጋሁት። አተምኩትም።

«ዋናውን አትንኪ፤ ሁልጊዜ ግልባጩ ላይ ሥሪ» የምትለዋን የመጀመሪያ ሕግህን ከፍሬ እኩል ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ሕግህ ደግሞ የካሜራው ሚሞሪ በየቅዳሜው እንዲጠፋ ነበር። ስለዚህ ያ ፎቶ ከዚያ ፋይል በቀር የትም አልነበረም። ይህ የገባኝ እሁድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። የጣልኩት እሷን ብቻ አልነበረም። ሹራቡን፣ እጅህን፣ አውራ ጣትህን፣ ሱቃችንን ጣልኩ። ያንተ ሆኖ የቀረው ከአንገት በላይ ነው።

ሙት ዓመትህ ደህና ዋለ። ጸሎቱ ተደረገ፣ ሰው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ። ፎቶው ድንኳኑ መግቢያ ላይ ነበር። ጋሽ አበራ መነጽሩን አውጥቶ ቆየበትና «ውብነሽ፣ ይሄ ኮት የማን ነው? ወንድሜ መቼ ኮት ለብሶ ያውቃል?» አለኝ። ይህን ሲል የሰማው ሾፌሩ ስዩም፣ እዚያ ታች ብሎክ ያለው፣ ጉርሻውን ይዞ ጠጋ አለ። «ቆይ ቆይ… ይሄማ የእኔ ኮት ነው!» ሰው ሁሉ ዞረ። መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ አሳየ። እውነቱን ነው፤ ያው ኮት፣ ያው ከረባት፣ ቋጠሮው ላይ ያለችው እጥፋት ሳትቀር። «ነፍሱን ይማረውና ጋሽ ደረጄ ሰፈሩን ሁሉ ሲያለብስ ኖሮ ለራሱም ያቺኑ ለበሳት!» ሌላው ደግሞ «እኔም ፓስፖርቴ ላይ አለች» አለ። ሳቁ። በክፉ አልነበረም፤ አንተም ብትኖር ትስቅ ነበር ይሆናል፤ አሁን ስለ ሳቅህ የማውቀው ነገር ስለሌለ እርግጠኛ አይደለሁም። ጋሽ አበራ ግን አልሳቀም። «ለወንድሜ የራሱ ልብስ ጠፋ?» አለ ቀስ ብሎ። ፍሬ ወጥ ስታመላልስ ቆማ ሰማችው፤ ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች፤ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እትዬ፣ አትላስ ያለ ፎቶ ቤት ጠርቶኛል። ወሩ ሲያልቅ ልገባ ነው። እርስዎም እኔን ማየት የከበደዎት ይመስለኛል።» ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞርኩና ፋይሉን ከፈትኩት። አንድ ሌየር ብቻ። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዋናውስ?»

«ጣልኩት።»

«እንዴ! ለምን?»

«አንቺ ነበርሽበት።»

አልገባትም። ስለ መስታወቱ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ? እትዬ ሙት፣ እዚያ ውስጥ መኖሬን አላየሁም! አይቼ ቢሆን አጠፋው ነበር፤ ጋሼ መስታወት ውስጥ ፎቶ አንሺ ከታየ ይገድለኝ የለ?» ፊቷን አየሁት። ውሸት የለበትም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ራሱን አያይም። ያኔ ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ጠየቅኳት፤ «ያን ቀን ምን ብለሽው ነው እንዲያ የሳቀው?»

አሰበች። ከልቧ አሰበች። «አላስታውስም እትዬ» አለች፤ «ጋሼ ቀኑን ሙሉ ይስቅ የለ እንዴ?»

ደሬ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የወጋኝ የለም። ማታ ስትገባ ጫማህን ታወልቃለህ፤ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ትጠይቃለህ፤ ትበላለህ፤ ዜና ታያለህ፤ ትተኛለህ። ዝምተኛ ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር። እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ ተገጣጥመን የምንኖር መስሎኝ፣ በዚህም እኮራ ነበር። ለካ ስታወራና ስትስቅ ውለህ፣ ደክሞህ፣ የቀረህን ዝምታ ነው ወደ ቤት ይዘህ የምትመጣው። ምሳ ይዤ ስመጣም ሳቁ ለምን እንደሚቀንስ አሁን ገባኝ፤ ፊቴን አይታችሁ ነው።

ፍሬ ቁልፉን አላነሳችም፤ አልሄደችምም። «ያ ቡናማ ሹራቡ አለ?» አለችኝ። አለ። በአርባህ ልብስህን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ድሆች ሰጥቻለሁ፤ እሱን ብቻ ሳላጥበው አስቀርቻለሁ። «እንግዲያው ሰው ለብሶት እናንሳውና ፊቱን እንጭንበታለን። ትከሻው የሚመጥን ሰው ብቻ ነው የምንፈልገው» አለችና ትከሻዬን አየች። «የፖሊስ ትከሻ» እያልክ ስትቀልድብኝ የነበረውን ትከሻ ማለቴ ነው። በማግስቱ ሹራብህን ለብሼ መጣሁ፤ ከታክሲው እስከ ሱቁ ድረስ በነጠላ ሸፍኜው። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

እሷ ከካሜራው ኋላ ሆነች። እኔ ደርቄያለሁ። «እትዬ፣ ትከሻዎን ይልቀቁት! ጋሼ እንዲህ አይቀመጥም። ጋሼ ሲቀመጥ እኮ ከጫኝ ጀርባ እንደወረደ ጆንያ ነው፤ ዘፍ!» አለችና ራሷ ዘፍ ብላ አሳየችኝ። ሳላስበው ሳቅኩ። ካሜራው ቀጭ አለ። «ቆይ እስቲ፣ አይቸኩሉ፣ አንድ ጊዜ ጆንያ ይሁኑልኝ» አለች። እንደገና ሳቅኩ፤ ሆዴን እስኪያመኝ።

ለካ ፊቷ የተቀመጠ ሁሉ ይስቃል። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣውም፣ ሙሽራውም፣ አንተም፣ እኔም። ይህን ሳውቅ ቅናቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። አልበረደም። ብቻ መልኩን ለወጠ። ቀድሞ የምቀናው ወሰደችህ ብዬ ነበር። አሁን የምቀናው እሷ እዚያ ስለነበረች ነው። አምስት ዓመት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት እዚያ ነበረች፤ እኔ ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት፣ እሱንም በግማሽ ገጽ።

ሥራውን እኔ ሠራሁት፤ እሷ ከጎኔ ሆና «እዚህ ጋ ይለስልስ»፣ «እትዬ፣ ዓይንዎን ያሳርፉ» ትለኛለች። ፊትህን ከኮቱ ቆርጬ አወጣሁ። አንገትህን ከሹራቡ አንገት ጋር ለማገናኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከአገጭህ ሥር ጥላ ሠራሁልህ። ለሌየሮቹ ስም ስሰጥ ፊቱን «ደሬ» አልኩት። ሹራቡንና ትከሻውን ምን እንደምለው ጨነቀኝና በመጨረሻ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ አበራ ባለፈው እሁድ መጥቶ አየውና «አዎ፣ ይሄ ነው ወንድሜ። ተመልከቺ እስቲ አቀማመጡን!» አለ። ፍሬ ቶሎ ብላ ወደ ማተሚያው ዞረች። እኔም ትከሻዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ትናንት ቁልፉ ገና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ነው። «እትዬ፣ እንግዲህ…» ብላ ስትጀምር «አትሂጂ» አልኳት። አለቀሰች። አቀፈችኝም። ይቅር ያልኳት መሰላት መሰለኝ። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ለሌላ ለማንም የማልናገረው ነውና። በደግነት አይደለም ያስቀረኋት። ከሄደች የሳቅህን ቀኖች ሁሉ ይዛ ነው የምትሄደው። አትላስ ተቀምጣ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች «እኔ ድሮ የምሠራበት ቤት አንድ ጋሽ ደረጄ የሚባል ሰው ነበር» እያለች ልታወራህ ነው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አንተ በማላውቀው ቦታ በማያውቁህ ሰዎች ፊት ስትስቅ እንድትውል አልፈቅድም። በቅናት ነው ያስቀረኋት፣ ደሬ። እግዜር ይይልኝ፤ በቅናትም ቢሆን ቀርታለች።

አንድ ነገር ግን ለመንኳት። ምሳ ስንበላ በየቀኑ ያንተን አንድ አንድ ነገር እንድትነግረኝ። ደስ አላት። ዛሬ የመጀመሪያውን ነገረችኝ። አንድ ወፍራም ነጋዴ የፓስፖርት ፎቶ ሊነሳ መጥቶ «አንገቴን ትንሽ ቀጠን አድርግልኝ» ብሎህ ነበር አሉ። አቀጠንክለት። በሳምንቱ እያለከለከ ተመልሶ መጣና «ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ አንተ አይደለህም ብለው ከፓስፖርት ቢሮ መለሱኝ፤ እባክህ አንገቴን መልስልኝ!» አለህ። ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ ጥርስህን ነክሰህ ቆይተህ፣ በሩ ሲዘጋ ወለሉ ላይ ተቀመጥክ አሉ፤ እንባህ እስኪወርድ፣ መነሳት እስኪያቅትህ። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር፣ እጅህን አንገትህ ላይ አድርገህ ታያት ነበር አሉ።

ያን ወር አስታውሰዋለሁ። ማታ ስትገባ እጅህን አንገትህ ላይ ታደርግ ነበር። አሞህ መስሎኝ ቅባት ገዝቼ አሸሁልህ። አንተም ምንም ሳትለኝ ዝም ብለህ ታሸህ።

ይህን ጽፌ አስቀምጫለሁ። ነገ ሁለተኛውን እጠይቃታለሁ፤ ከነገ ወዲያ ሦስተኛውን። እሷ የምታውቀው እስኪያልቅ፣ እኔ ከማውቀው ጋር እስኪገናኝ ድረስ እጠይቃታለሁ። እሷ አንድ ቀን አግብታ፣ ልጅ ወልዳ፣ አገር ለውጣ ትረሳሃለች፤ ወጣት ናት። እኔ አልረሳህም። እኔ የማውቀውን ያንተን ቀን፣ እሷ የምታውቀውንም ያንተን ቀን፣ ሁሉንም ይዤ እቆያለሁ።

ያንተው ውቤ